ምን ሞቶ ነው?

ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ነፋስ ከታቦር ቁልቁል ሲወርድ፣
ሰፈሩ ሁሉ ነቃ፤ አፍንጫውን ይዞ ወጣ ወደ መንገድ።
«ምን ሞቶ ነው?» አለ ዘበኛው፣
«ምን ሞቶ ነው?» አለች ባለሱቋ፣
ቱቦውን በባትሪ እየዳሰሰች፣ ነጠላ በአፏ ላይ አጥብቃ።
አንዱ አህያ ነው አለ፤ አንዱ ውሻ፤
ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው ቢሆንስ?» አለ በመጨረሻ።

እኔን ቀሰቀሱኝ።
«አንተ የሽታ ሰው ነህ፤ ና እስቲ አሽትት» አሉኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት አሞራ ገደል፣ ከአሣ ሆድ እጄን ስነክር፣
ቆሮሶ ስፍቅ፣ አምባዛ ስገፍፍ፣ ሥጋውን በፌስታል ስቋጥር፣
ባጃጅ ስሳፈር አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ነው ሁልጊዜም፤
አፍንጫህን አውሰን ያለኝ ግን ከዚያ ሌሊት በፊት የለም።

አሸተትኩ።
«አሣ አይደለም» አልኩ። «አሣ ሲበሰብስ ውሃ ውሃ ይላል፤
ይሄ ሥጋ ነው፤ ሞቃት ነው፤ እንደ ትኩሳት ይመጣል ይሄዳል።»

ያኔ ሁሉም፣ ማንም ሳይመራው፣ ወደ አንድ በር ዞረ፤
ከእትዬ ጠጂቱ ቤት መብራት ከታየ ስንት ቀን ሆኖት ነበረ?
የሟቹ ሃምሳ አለቃ ሚስት፤ ለጡረታ ብቻ ከቤት የምትወጣ፣
ዕድር ስሟን የሚጠራው፣ ቀርታ ስትቀጣ።
«ሳሏን የሰማሁት የዛሬ ሳምንት ነው» አለ አንዱ፤ ሌላው «ኧረ ይበልጣል»፤
የዕድሩ ዳኛ ዝም ብሏል፤ የድንኳኑን ምሰሶ በልቡ ያሰላል።

በሩን በትከሻ ገነጠልነው።
እንቅልፍ አጥታ፣ በሻማ፣ ምስር እየለቀመች አገኘናት፤
ትሪውን ከጭኗ ሳታወርድ አየችን። ቁጣ እንኳ አልነበራት።
«ምን ሆናችሁ?»
«ሽታ… ሸትቶን ነው» አልን።
«ሳልሸትስ ለምን አልመጣችሁም?» አለችን።
መልስ ጠፋ። ከጣቷ ያመለጠች ጠጠር ትሪው ላይ ስትነጥር ሰማን።

ሲነጋ፣ የአቶ ላሚሶ አጥር ሥር አባ ኮዳዎች ቆመዋል፤
ከሐይቁ በእግር መጥተው፣ ካፖርት ለብሰው፣
እንደ ለቀስተኛ አንገት ደፍተው፣
የሚበላ አጥተው።
ከአጥሩ ውስጥ፣ ከእንሰቱ ጥላ፣ ሰው የሚያህል አበባ ቆሟል፤
ውጪው አረንጓዴ፣ ውስጡ እንደ ታረደ በሬ ጎን ቀልቷል፤
ከመሐሉ የወጣው ምሰሶ፣ እጄን ሳስጠጋው ይሞቃል፤
ዝንብ በዝንብ ላይ ይነጠፋል።

ላሚሶ፣ ጡረታ የወጣ የዩኒቨርሲቲ አትክልተኛ፣ ሳቀ፣ ከዚያም አፈረ፤
«ዘጠኝ ዓመት» አለ፣ «ዘጠኝ ዓመት ከአፈር በታች ኖረ።
በዓመት አንድ ቅጠል ያወጣል፣ ያደርቃል፣ ዝም ይላል፤
በመዳፌ ይዤ የተከልኩት ሥር፣ ዛሬ ሁለት ሰው ያሸክማል።
ነውር የለውም፤ ጽጌረዳ ንብ ትጠራለች፣ ይሄ ዝንብ ይጠራል፤
እንግዳው ዝንብ ከሆነ፣ ለዝንብ የሚሆን ሽቶ ይቀባል።»

ሴቶቹ ተፉ፤ ልጆቹ ፎቶ አነሡ፤ የቀበሌው ሰው «ይቆረጥ» አለ፤
ማንም ሳይነካው፣ እሑድ ጠዋት፣ በራሱ ጊዜ አንገቱን ጣለ።
ሽታውም ከሐይቁ ነፋስ ጋር ሄደ፤
ሰፈሩ መስኮቱን ከፍቶ፣ ወደየጉዳዩ ነጎደ።

እኔን ግን ያ ጥያቄ፣ እንደ አሣ እሾህ፣ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ፣ ሁለት ቆሮሶ በቅጠል ጠቅልዬ፣
እጄን በሎሚ ሦስቴ አጥቤ፣ አሁንም አልለቀቀም ብዬ፣
ከተጠገነው በር ፊት ቆምኩ።
ከእጄ በቀር የሚሸት የለም። የሞተም የለም። አንኳኳሁ።
ስሜን ልናገር አፌን ስከፍት፣
ድምፅዋ ከውስጥ ቀደመኝ፦
«አወቅሁህ፤ አሣ አሣ ትላለህ።
ሳንቃው ይከብዳል፣ ገፋ አድርገው። ግባ።»